ከሐዘንተኛ ጎን ዝም ብሎ መቀመጥ

(ከዚህ በታች የቀረበው፣ በክሊኒካችን የምክር አገልግሎት የምትሰጥ ነርስ በመጠበቂያው አዳራሽ ለተገልጋዮች ያደረገችው ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ አንባብያን ይደርስ ዘንድ ሙሉ ቃሉን አቅርበነዋል።)



ካርድ አውጥታችሁ ተራችሁን በምትጠብቁበት በዚህ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ስለ ሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። በዚህ አዳራሽ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ኪኒን፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ሉፕና በክንድ ስለሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ነው። ዛሬ ግን ስለ ዝምታ ላወያያችሁ አስቤአለሁ። ሥራዬ መናገርና ማስረዳት በመሆኑ ነገሩ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ ለመማር ያስቸገረኝ ይኸው ዝም ማለት ነው።

እንደምታውቁት ወደዚህ ክሊኒክ የሚመጣው ሰው ሁሉ አራርቆ ለመውለድ ብቻ አይመጣም። ፅንስ የጨነገፈባት ትመጣለች። ዘጠኝ ወር ተሸክማ ባዶ እጇን ከሆስፒታል የተመለሰች ትመጣለች። ለዓመታት ልጅ ፈልጋ ያጣችም ትመጣለች። ምናልባት አሁን አጠገባችሁ የተቀመጠችው እኅት ከእነዚህ አንዷ ልትሆን ትችላለች። እነዚህ ሴቶች ወደ ምክር ክፍል ሲገቡ ከሕመሙ ይልቅ ደጋግመው የሚያነሡት ሰው የተናገራቸውን ነገር ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ የጎዳቸውን ቃል የተናገረው ጠላት ሳይሆን ሊያጽናና የመጣ ዘመድና ጎረቤት መሆኑ ነው።

የምናውቀው ሥርዓት

በአገራችን ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ማንም አይስተውም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጀራ ይጋግራል። ለቅሶ የመጣ ሰው ብዙ አይናገርም። አንገቱን ደፋ አድርጎ ይገባል፤ ይቀመጣል። ሲነሣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላል፤ ሙስሊሙም «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ብሎ ይወጣል። ከዚህ የበለጠ ንግግር ማንም አይጠብቅበትም። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። «ለቅሶ ደረስኩ» እንላለን እንጂ «ለቅሶ ተናገርኩ» አንልም። ዋናው ነገር መድረሱ ነው።

መርዶም ቢሆን ሥርዓት አለው። ሰዎች ማልደው ተሰብስበው ይሄዳሉ። መርዶ ነጋሪ ነግሮ አይሄድም፤ ነግሮ ይቀመጣል።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ጥበብ እያለን፣ በማኅፀን ወይም በወሊድ ጊዜ ለሚሞት ልጅ ስንሆን ሁሉ ነገር ይጠፋብናል። በክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ከዚያ በፊት ለሞተ ሕፃን፣ ይልቁንም ሞቶ ለተወለደ፣ በብዙ ቦታ ድንኳን አይተከልም። ጥቂት ሰዎች ወስደው በጸጥታ ይቀብሩታል። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ወር ለጨነገፈ ፅንስማ ቀብርም ለቅሶም የለም። ሐዘኑ ግን አለ። ድንኳን ስለሌለ የምንቀመጥበት ቦታ ያጣን ይመስለናል፤ በዚህ ምክንያት ባዶውን በወሬ እንሞላዋለን።

በእኔ ቤት የሆነው

ይህን የምላችሁ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱን በራሴ አይቼዋለሁ።

በነርስነት ተመርቄ ሥራ በጀመርኩ በ2ኛው ዓመት፣ ታላቅ እኅቴ የ8 ወር ነፍሰ ጡር ሳለች የፅንሱ እንቅስቃሴ ቆመባት። ሆስፒታል ስንወስዳት የልብ ትርታ እንደሌለ ተነገረን። በማግስቱ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ልጅ ነበር። አንድ ጊዜ አሳዩአት፤ ከዚያ አባታችንና ባለቤቷ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወስደው ቀበሩት። እርሷ አልጋ ላይ ስለ ነበረች አልሄደችም።

ቤት ስትገባ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ባዶ እጁን የመጣ አልነበረም። ነገር ግን ዝም ያለም አልነበረም። «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፤ ዋናው ግንዱ ነው» አሉ። «ገና ልጅ ነሽ፤ በዓመቱ ሌላ ይሰጥሻል» አሉ። «ክፉ ቀን ሳያይ መልአክ ሆኖ ሄደ» አሉ። አንዷ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን መርፌ ትወጊ ነበር ይባላል፤ እርሱ ይሆናላ» አለች።

እኔም የተማርኩ ነኝና ዝም አላልኩም። መርፌው ይህን እንደማያደርግ፣ ይህ ነገር በብዙ ሴቶች ላይ እንደሚደርስ፣ ምክንያቱ እነዚህና እነዚህ እንደሆኑ ከትምህርት ቤት ደብተሬ እየጠቀስኩ አስረዳሁ። እኅቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ፣ ድምፄን ቀንሼ ለተቀመጡት ማስረዳቴን ቀጠልኩ።

በ3ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወተት መጣ። የእናት ጡት ልጁ መሞቱን አያውቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ይሞላል። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ የእኅቴ ቀሚስ ደረቱ ላይ ረጠበ። ሁሉም አየ። ገሚሱ ዓይኑን መለሰ፤ ገሚሱ ወሬ ቀየረ። እኔ፣ «አይዞሽ፣ ይህ የተፈጥሮ ነው፤ ሆርሞን ነው» አልኩ።

በዚያች ሰዓት ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት የሰፈራችን እማማ ተነሡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ አጥፈው ደረቷ ላይ ጣል አደረጉላት። ከዚያም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጇን ያዙ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ሰው ገብቶ እስኪወጣ፣ እስኪመሽ ድረስ እንደዚያው ተቀመጡ። ሲሄዱ ነጠላውን አልወሰዱም።

በማግስቱም መጡ። ጓዳ ገብተው እንጀራ ጋገሩ፣ ልብስ አጠቡ፣ ከዚያ መጥተው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን መጥተው ከተቀመጡ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ልጄ፣ ማንን ይመስል ነበር?» አሉ።

እኅቴ ብዙ ቆይታ፣ «አባቴን። አፍንጫው የአባቴን ነበር፤ ፀጉሩ ደግሞ ብዙ ነበር» አለች። ከወለደች ጀምሮ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የሰማናት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እስኪመሽ ስለ ልጁ አወራች፤ እማማም «እህ» እያሉ አዳመጡ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ ሳምንት ስናነሣ፣ እኅቴ ያለችኝን ዛሬም አልረሳሁትም። «የነገርሽኝ ሁሉ እውነት ነበር፤ እኔ ግን አልጠየቅሁሽም። ሁላችሁም ስለሚመጣው ልጅ ትነግሩኝ ነበር። ስለ ሄደው የጠየቁኝ እማማ ብቻ ናቸው» አለችኝ።

ቃሉ ለምን ይጎዳል?

እስቲ እነዚያን ቃላት አንድ በአንድ እንያቸው። «ሌላ ትወልጃለሽ» ስንላት የሞተው ልጅ የሚተካ ዕቃ ነው ማለታችን ይሆናል። በዚያ ላይ ሌላ መውለዷን ማናችንም አናውቅም። «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» እውነት ነው፤ ነገር ግን ያለቀሰች እንደሆነ በመትረፏ ያላመሰገነች እንድትመስል ያደርጋታል። «ባለፈው ዓመት እኔም እንዲሁ ሆኜ» ብለን የራሳችንን ታሪክ ስንጀምር ደግሞ ሐዘንተኛዋ ተነሥታ እኛን አጽናኝ ትሆናለች።

ከሁሉም የሚከፋው ምክንያት ፍለጋ ነው። «ከባድ ነገር አንሥተሽ ይሆናል»፣ «ሽታ መቶሽ ይሆናል»፣ «ተጣልተሽ ተናደሽ ይሆናል»፣ «መድኃኒቱ ነው»። ይህን የሚለው ሰው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል። ምክንያት ካገኘን ነገሩ እኛን የማይነካን ይመስለናል፤ ለራሳችን ፍርሃት መድኃኒት እየፈለግን ነው። ዋጋውን የምትከፍለው ግን እርሷ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ያነሣችውን እንስራ፣ የተናገረችውን ክፉ ቃል ስትቆጥር ታድራለች።

የኢዮብን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጆቹን፣ ሀብቱንና ጤናውን ባጣ ጊዜ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የሚባሉ ሦስት ወዳጆቹ ከሩቅ አገር መጡ። ሐዘኑ እጅግ መክበዱን አይተው 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል እንኳ የተናገረው አልነበረም። እስከዚህ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር፣ ኃጢአቱን መፈለግ የጀመሩ ጊዜ ነው። በመጨረሻም ስለ ንግግራቸው ተወቀሱ፤ ስለ ዝምታቸው የወቀሳቸው ግን የለም።

በእስልምናም እንደሚታወቀው ነቢዩ ሙሐመድ ሕፃን ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዕንባቸው ፈስሷል። እንግዲህ ማልቀስ የእምነት መጉደል አይደለም። የሚያለቅስን ሰው «በቃ፣ አታልቅሺ» ብሎ ዝም ማሰኘት ከማጽናናት አይቆጠርም። ዝም ማለት ያለብን እኛ ነን።

እውቀት በጊዜው

ይህ ሲባል እውቀት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እውቀት የሚጠቅመው ባለጉዳይዋ ስትጠይቅ ነው። ጥያቄው ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። «ጥፋቴ ምን ነበር?» ትላለች። ያን ጊዜ አጭርና እውነተኛ መልስ ያስፈልጋታል። እናንተም እንድትመልሱላት የሚከተለውን ያዙልኝ።

ከታወቁ እርግዝናዎች መካከል ከ100ው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይጨነግፋሉ። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ከሚጨነግፉት ግማሽ ያህሉ ፅንሱ ሲፈጠር ክሮሞዞም በሚባለው የዘር ተሸካሚ ላይ በአጋጣሚ በደረሰ ጉድለት የሚመጡ ናቸው። ማንም ያላጠፋው፣ ማንም ሊያስቀረው የማይችለው ነገር ነው። የዕለት ተዕለት የቤት ሥራ፣ የምግብ ሽታ ወይም የአንድ ቀን ጭቅጭቅ ፅንስ አያስወርድም። ቀደም ሲል የተወሰደ ኪኒን፣ መርፌ፣ ሉፕም ሆነ በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ፅንስ እንዲጨነግፍ አያደርግም፤ መካንም አያደርግም። መርፌው ካቆመ በኋላ እርግዝና ጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ ከዚያ ያለፈ ጣጣ የለውም። አንድ ጊዜ የጨነገፈባቸው አብዛኞቹ ሴቶች በኋላ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ።

ከ28 ሳምንት በኋላ ሞተው የሚወለዱትን በተመለከተ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ግምት መሠረት በ2021 በዓለም 1.9 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ይህን ቁጥር የምነግራችሁ ለእናንተ ነው። አልጋ ላይ ለተኛችው እናት አትንገሩብኝ። ለእርሷ ቁጥሩ አንድ ነው።

ዝምታና መጥፋት ይለያያሉ

ዝም በሉ ስላችሁ ቅሩ ማለቴ አይደለም። «ምን እላታለሁ?» ብሎ መንገድ ቀይሮ የሚሄድ ወዳጅ ከተናጋሪውም ይብሳል። ሄዶ መቀመጥ ነው ጥበቡ። ምን እንደምታደርጉ የሚከተለውን ሞክሩት።

አንደኛ፣ ሂዱ። ስትገቡ ወይም ስትወጡ «እግዚአብሔር ያጥናሽ»፣ «አላህ ያጽናሽ» ማለት ይበቃል። ሌላ የምትሉት ከጠፋችሁ «የምለው ጠፋኝ» በሉ፤ እውነት ስለሆነ አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ እጃችሁ ይሥራ። ውኃ ቅዱ፣ እንጀራ ጋግሩ፣ ትልልቆቹን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሱ።

ሦስተኛ፣ ብታወራ አዳምጡ፤ ሦስት ጊዜ ብትደግመውም እንደ አዲስ ስሟት። ባታወራ አታስገድዷት። ለልጁ ያወጣችው ስም ካለና ከነገረቻችሁ በስሙ ጥሩት።

አራተኛ፣ ተመልሳችሁ ሂዱ። ሰው ሁሉ የሚመጣው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ትወልድ የነበረበት ወር ሲደርስ ግን ቤቱ ጭር ይላል። ያን ወር አስታውሳችሁ ብቅ ብትሉ ምንም ሳትናገሩ ብዙ ተናገራችሁ።

አምስተኛ፣ ባልየውን አትርሱት። ለእርሱ የሚደርሰው «እርሷን አይዞሽ በላት፤ አንተ ወንድ ነህ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። እርሱም ልጅ ቀብሮ መጥቷል። አጠገቡ የሚቀመጥ ወንድ ወዳጅ ያስፈልገዋል። ባሎችም ሆይ፣ ከሚስታችሁ ሐዘን ለመሸሽ አምሽታችሁ አትግቡ። የምትሉት ባይኖራችሁም አጠገቧ ተቀመጡ።

ለእኛም ለጤና ሠራተኞች ትምህርት አለው። ክፉ ዜና በኮሪደር ላይ ቆመን ነግረን ወደሚቀጥለው ካርድ የምናልፍ ከሆነ ከመርዶ ነጋሪ አንሰናል ማለት ነው። ሥራ ቢበዛም ነግሮ ወንበር ስቦ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ ይቻላል።

ዝም የማይባልበት ጊዜ

ይሁን እንጂ ዝምታ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፅንስ የጨነገፈባት ወይም የወለደች ሴት ብዙ ደም ከፈሰሳት፣ ይኸውም በሰዓት 2 ወፍራም የንጽሕና መጠበቂያ የሚያርስ ከሆነ፣ ትኩሳት ከያዛት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወረዳት፣ ሆዷን አጥብቆ ካመማት ወይም ራሷን ከሳተች፣ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። እንዲሁም ሳምንታት አልፈው ምግብና እንቅልፍ እንዳስጠላት ከቀጠለች፣ መኖር ሰለቸኝ ካለች፣ ይህ ለሐኪም የሚነገር ነው። «ሐዘን ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት።

ወተት የሞላባት እናት ጠበቅ ያለ ግን የማያስጨንቅ የጡት መያዣ ብትለብስና ቀዝቃዛ ጨርቅ ብታደርግበት ሕመሙ ይቀልላታል። በየጊዜው ማለብ ወተቱን ያቆየዋል፤ በጣም ከወጠራት ግን እፎይ እስክትል ያህል ጥቂት ብታወጣ አይጎዳትም። ጡቷ ቀልቶ ትኩሳት ካለው ትታይ።

በመጨረሻም፣ ፅንስ ከጨነገፈ በኋላ በ2 ሳምንት ጊዜ ውስጥ እንኳ እንደገና ማርገዝ ይቻላል። ስለዚህ ከጤና ተቋም ከመውጣቷ በፊት፣ ብትፈልግ ወዲያውኑ መከላከያ መጀመር እንደምትችል ሊነገራት ይገባል። ቶሎ መውለድ ብትፈልግም ሐኪም ታማክር። መቼ እንደምትወልድ የሚወስኑት እርሷና ባለቤቷ ናቸው። አማትም፣ ጎረቤትም፣ እኔም አይደለንም።

ወገኖቼ፣ እማማ ዛሬ በሕይወት የሉም። ፊደል አልቆጠሩም ነበር። እኔ ግን ከመምህሮቼ ሁሉ መካከል እርሳቸውን እቆጥራለሁ። ነጠላው እስከ ዛሬ በእኅቴ ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። የሰጠኋትን ማብራሪያ ግን አንዱንም እንደማታስታውስ ነግራኛለች።

በግራ በኩል ያለው የመጨረሻው በር የምክር ክፍላችን ነው። ሁለት ወንበርና አንድ አግዳሚ አለው። መናገር የፈለገ ገብቶ ይንገረን። መናገር ያቃተውም ይግባ፤ ምንም ሳንጠይቀው አብረን እንቀመጣለን።